ትርፍና በጎ ሥራ በአንድ ቀንበር፦ ከገዳሪፍ ማሳ የተነሣ ትችት

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ስለ ድሃ አገሮች ልማት በሚጻፉ ሰነዶች ውስጥ «ኢምፓክት ኢንቨስቲንግ» የሚል ስያሜ ተደጋግሞ ይገኛል። ወደ ቋንቋችን ስንመልሰው «በጎ ውጤትን ያለመ መዋዕለ ንዋይ» ልንለው እንችላለን። ሐሳቡ ባጭሩ ሲገለጽ፣ ባለገንዘቡ ገንዘቡን ሥራ ላይ ሲያውል ትርፉን ይፈልጋል፤ ነገር ግን ከትርፉ ጎን ለኅብረተሰብ ወይም ለተፈጥሮ የሚለካ ጥቅም ለማስገኘት አስቀድሞ ያስባል። እርዳታ አይደለም፤ ገንዘቡ ይመለሳልና። ተራ ንግድም አይደለም ይባላል፤ ለበጎ ታስቧልና። ስያሜው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 የሮክፌለር ፋውንዴሽን በጣሊያን አገር ቤላጂዮ ላይ በጠራው ስብሰባ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2009 የእነዚሁ ባለገንዘቦች ዓለም አቀፍ መረብ ተቋቋመ፤ ይኸው መረብ በ2024 ባወጣው ግምት መሠረት በዚህ ስም የሚንቀሳቀሰው ሀብት ከ1.5 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ2015 ክረምት በአዲስ አበባ የተደረገው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ አጥብቆ ካስተላለፋቸው መልእክቶች አንዱ፣ የመንግሥታት እርዳታ ብቻውን ስለማይበቃ የግል ካፒታል ወደ ልማት ይግባ የሚል ነበር። የዓለም ባንክና መሰሎቹ በዚያው ዓመት «ከቢሊዮን ወደ ትሪሊዮን» የሚል መፈክር ይዘው ተነሡ። በእኛ አነጋገር እርዳታው እርሾ፣ የግሉ ገንዘብ ሊጥ ይሆናል ማለት ነው። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ2019፣ ኦዲአይ የተባለው የለንደን የጥናት ተቋም ሲመረምረው ግን በድሃዎቹ አገሮች የልማት ባንኮች ያወጡት እያንዳንዱ 1 ዶላር የሳበው የግል ገንዘብ በአማካይ 37 ሣንቲም ሆኖ ተገኘ። እርሾው ከሊጡ በለጠ።

ይሁንና የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ገንዘቡ አነሰ ብሎ ለመውቀስ አይደለም። ጥያቄው ሌላ ነው። የግል ገንዘብ ልማትን ዓላማዬ ብሎ በገባበት ቦታ፣ ጥቅሙ ሲቈጠር የሚቈጠረው የማን ጥቅም ነው? ጉዳት ሲደርስስ የሚጻፈው በማን መዝገብ ነው? ይህን ጥያቄ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሲመልስ የኖረ ቦታ ከመተማ ማዶ አለ። እርሱም የገዳሪፍ ሜዳ፣ በተለይም ወደ አትባራ ወንዝና ወደ ድንበራችን የሚጠጋው የቁረይሻ አካባቢ ነው። አገሩ መረሬ ነው፤ በበጋ እየተሰነጠቀ አፉን ይከፍታል፣ በክረምት ጭቃው እግር አያስነቅልም። ማሽላና ሰሊጥ ይበቅልበታል። (ስለ አልፋሽጋ የድንበር ውዝግብ እዚህ አላነሣም፤ ራሱን የቻለ ሐተታ የሚፈልግ ጉዳይ ነው።)

በዚህ ሜዳ የትራክተር እርሻ የተጀመረው በ1944 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሱዳንን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ አስተዳደር በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ጦር ስንቅ ፈልጎ በጋደምባሊያ ማሽላ በመኪና ማረስ ጀመረ። መንግሥት ራሱ አራሽ ሆኖ ጥቂት ዓመታት ከቆየ በኋላ በ1954 ሥራውን ለግል ባለሀብቶች ክፍት አደረገ። በ1968 ነጻይቱ ሱዳን የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽንን አቋቋመች፤ የዓለም ባንክም አበደረ። በ1970 ደግሞ ያልተመዘገበ መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው የሚል ሕግ ወጣ።

ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጥ ሊሠመርበት ይገባል። የሹክሪያና የላሐዊን ዘላኖች ከብት የሚነዱበት፣ አነስተኛው ገበሬም ያባቴ ያያቴ ነው እያለ የሚያርሰው መሬት በወረቀት ያልሰፈረ ስለነበረ፣ በሕጉ ዓይን የማንም አልነበረም። ካፒታል በሰፊው የገባው በዚህ በር ነው። ከ1973 በኋላ የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ገንዘብ መጣ፤ ሱዳን የዓረቡ ዓለም የእህል ጎተራ ትሆናለች ተባለ፤ በ1976 የዓረብ የግብርና ኢንቨስትመንትና ልማት ባለሥልጣን ዋና መሥሪያ ቤቱን ካርቱም ላይ አድርጎ ተቋቋመ። አንባቢው ልብ እንዲል የምንፈልገው፣ በዚህ ሁሉ መካከል «እኛ የመጣነው ለትርፍ ብቻ ነው» ያለ አለመኖሩን ነው። አገር ይጠግባል፣ ሥራ ይፈጠራል፣ ጠፍ መሬት ይለማል ነበር የሚባለው። ስያሜው በ2007 ይውጣ እንጂ ነገሩ የአያቶች እድሜ አለው።

በእኛም ወገን ሰቲት ሁመራ ከዚሁ የተለየ ታሪክ የለውም። በ1960ዎቹ የግል ትራክተሮች ወደ ቆላው ወረዱ፤ በ1970ዎቹ መግቢያ የዓለም ባንክ ብድር ታከለበት፤ በ1975 የገጠር መሬት ሲወረስ የትልልቆቹ እርሻዎች ነገር በዚያው አበቃ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በገዳሪፍ ለአንድ ባለሀብት ይሰጥ የነበረው መደበኛ ይዞታ 1,000 ፈዳን፣ በኋላም 1,500 ፈዳን ነበር። አንድ ፈዳን 0.42 ሄክታር ስለሆነ አነስተኛው ይዞታ 420 ሄክታር፣ በቀድሞው አለካካችን ከ10 ጋሻ በላይ ይሆናል ማለት ነው። የጎንደርና የጎጃም ደጋ ገበሬ አብዛኛው ከአንድ ሄክታር ብዙም የማይበልጥ መሬት ይዞ ቤተሰብ እንደሚያኖር ስናስታውስ፣ በአንድ ሰው ስም የተጻፈው የብዙ መቶ አባወራ መሬት መሆኑ ይታያል። (የሒሳብ መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢሰጡት ከመጽሐፉ ምሳሌ የተሻለ ይመስለኛል።) ይዞታውን ያገኙት በአመዛኙ የከተማ ነጋዴዎች፣ የመንግሥት ሹማምንትና ጡረታ የወጡ መኰንኖች ነበሩ።

መሬቱ በየተወሰነ ዓመት እንዲያርፍ ውሉ ያዝዝ ነበር። ግን የሚያሳርፍ ጠፋ። ኪራዩ ኢምንት፣ አዲስ መሬት ደግሞ ከጎን የተዘረጋ ነበረና፤ ማሳው ሲደክም ማሳረፍ ሳይሆን ትራክተሩን ወደፊት መግፋት ረከሰ። ግራሩ ተመነጠረ፣ ከሰል ሆነ። ማሽላ በማሽላ ላይ በተዘራ ቁጥር አቀንጭራ ነገሠ። አቀንጭራ ለእኛ ገበሬም እንግዳ አይደለም፤ ሥሩን በማሽላው ሥር ላይ ተክሎ የሚጠባ፣ ዘሩ በመሬት ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት የሚቆይ አረም ነው። ከተፈቀደው ካርታ ውጭ ያለ ፈቃድ የታረሰው መሬትም ከጊዜ በኋላ ከተፈቀደው በላይ ሰፋ።

የመለኪያ ነገር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በእነዚያ ዓመታት «የገዳሪፍ ምርት ስንት ቶን ደረሰ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ የሚያስደስት ይሆን ነበር፤ በ1960ዎቹ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው 100,000 ቶን የሚይዘው የከተማው ጎተራ ራሱ ምስክር ነው። «ከአንድ ፈዳን ስንት ተገኘ?» ቢባል ግን ቁጥሩ እያደር ሲያሽቆለቁል ይታያል። ድምሩ ያደገው ማሳው ስለ ለማ ሳይሆን ማሳው ስለ ሰፋ ነው። በጎ ውጤት ለካሁ የሚል ባለገንዘብ ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛውን በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንደሚያወጣ መገመት አያዳግትም። ደግሞም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሱዳን ማሽላዋን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ትሸጥ ነበር፤ ከብት ይቀለብበት ነበር። በ1984ና በ1985 ግን በዳርፉርና በኮርዶፋን ሕዝብ በረሃብ አለቀ። እህሉ አገር አጥግቧል ወይስ አላጠገበም የሚለውን የገዳሪፍ መዝገብ ብቻውን አይነግረንም።

ወደ ሰው እንምጣ። ትራክተር ያርሳል፣ ይዘራል፤ አረሙን የሚነቅልና ሰሊጡን የሚያጭድ ግን እጅ ነው። ሰሊጥ ደግሞ አይታገሥም። ደርሶ ጥቂት ቀን ካለፈው ፍሬው ተከፍቶ ይረግፋል፤ ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታት እጅግ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ይፈለጋል፣ ከዚያም ማንም አይፈለግም። ይህን ሰው ከምዕራብ ሱዳን፣ ከእኛ ደግሞ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ የሚወርደው ወጣት ሲሞላው ኖሯል። በመተማ መስመር ያስተማረ መምህር ሁሉ ያውቀዋል፤ መስከረም ላይ ስሙን ያስመዘገበው ተማሪ ጥቅምት ላይ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ኅዳር ላይ ከተመለሰ ተመለሰ። ይህ ልጅ በባለሀብቱ ሒሳብ ውስጥ «የተፈጠረ የሥራ እድል» ተብሎ ይቈጠራል። በእኛ የስም መጥሪያ ደግሞ «ቀሪ» ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱም ጽሑፎች እውነት ናቸው፤ ዳሩ ግን ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ዘርግቶ ያነበበ ገምጋሚ አልገጠመኝም።

ሌላም ይዞ የሚመለሰው አለ። ካላአዛር። ይህ በሽታ በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል፤ ዝንቢቱ የምትኖረው በዚያው በተሰነጠቀው መረሬና በግራሩ ሥር ነው። የቆላው ነዋሪ በመጠኑ የተላመደው ሲሆን ከደጋ የወረደው ወጣት ግን መከላከያ የለውም። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ ይመነምናል፤ ካልታከመ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ገዳሪፍ ከሱዳን በዚህ በሽታ ክፉኛ የተጠቃ ግዛት ነው። በቁረይሻ አካባቢ በታባረከላህ ሆስፒታል ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው የእርዳታ ድርጅት ለዓመታት ሕሙማኑን ሲያክም ቆይቷል፤ በእኛም በኩል ሁመራና አብደራፊ ላይ እንዲሁ አድርጓል።

አሁን የመድኃኒቱን ታሪክ እንይ፤ ለያዝነው ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። ለረጅም ጊዜ ሕክምናው በየቀኑ መርፌ እየተወጉ 30 ቀን መተኛት ነበር። በየቀኑ ሠርቶ ለሚበላ ሰው 30 ቀን ማለት የመኸሩ ገቢ በሙሉ ሄደ ማለት ነው። በ2003 የተቋቋመውና ለተረሱ በሽታዎች መድኃኒት የሚፈልገው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ከካርቱም፣ ከአዲስ አበባና ከሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሐኪሞች ጋር በሱዳን፣ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በኡጋንዳ ሕሙማን ላይ ሁለት መድኃኒቶችን አጣምሮ ሞከረ፤ ጎንደርም ከሙከራው ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። ውጤቱም ሕክምናውን ወደ 17 ቀን አሳጠረው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 ተቀበለው። 13 ቀን ለታማሚው ተመለሰለት። ከተዋሐዱት መድኃኒቶች አንዱ፣ ፓሮሞማይሲን፣ በሰው እጅ ከገባ ዐሠርት ዓመታት ያለፉት አሮጌ መድኃኒት ነው፤ ለካላአዛር እንዲውል ገንዘብ አውጥቶ ሊያስመረምረው የቸኮለ ነጋዴ ግን አልነበረም። ምርመራው የተካሄደው በመንግሥታትና በበጎ አድራጊዎች ስጦታ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የካላአዛር ታማሚ ገዢ አይደለም። ስለዚህ ትርፍና በጎነት በአንድ ቀንበር ይጠመዳሉ ሲባል አንዱ በሬ ወደ አንዳንድ ማሳ ጨርሶ እንደማይገባ አብሮ ሊነገር ይገባል።

እርግጥ ነው፣ የግል ካፒታል የሚሠራውን መካድ ትችት ሳይሆን ጥላቻ ይሆናል። በአገራችን ለመጥቀስ ያህል በ2010 የተመሠረተው ኢትዮ ቺክን በትግራይ የነበረ የመንግሥት የዶሮ እርባታን በኪራይ ይዞ ተነሣ፤ የአንድ ቀን ጫጩት ለወኪሎች ይሸጣል፤ ወኪሎቹም ክትባት ሰጥተውና ለአንድ ወር ተኩል ያህል አሳድገው ለገጠር ቤተሰብ ያደርሳሉ። መንግሥት ለብዙ ዓመታት ሞክሮ ያላዳረሰውን ጥሩ ዝርያ ይህ ንግድ ብዙ ጓሮ ውስጥ አስገብቷል። መልካም ሥራ ነው። ሆኖም እዚህም ላይ ጥያቄያችን አይቀርም፤ መቅሠፍት ቢገባና ጫጩቱ በወኪሉ ቤት ሳለ ቢያልቅ ኪሳራው የማን ነው? የካሩቱሪን ነገር ደግሞ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ የሕንዱ ኩባንያ በ2010 ጋምቤላ ላይ 100,000 ሄክታር በዓመት ለአንድ ሄክታር 20 ብር ተዋውሎ ያዘ፣ በ2011 ጎርፍ ማሳውን አጠበው፣ በ2015 መጨረሻ መንግሥት ውሉን ሰረዘ። ሃያ ብር! በዚያን ጊዜ አንድ ዶሮ በዚህ ዋጋ አይገዛም ነበር። መሬቱ እንዲህ ሲረክስ ባለገንዘቡን የሚያስጨንቀው ነገር ምን ይኖራል?

የእነዚህ ገንዘቦች አስተዳዳሪዎች ራሳቸው ነቀፌታውን ሰምተው በ2019 በዓለም ባንክ ቡድን አስተባባሪነት ዘጠኝ መመሪያዎችን አውጥተዋል። ዘጠነኛው መመሪያ ፈራሚዎቹ አሠራራቸውን ለሕዝብ እንዲገልጹና በገለልተኛ ወገን እንዲያስመረምሩ ይጠይቃል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ገለልተኛው መርማሪ የሚመረምረው የባለገንዘቡ አሠራር ከመመሪያው ጋር መስማማቱን ነው። አራሙን፣ አጫጁን፣ ግጦሹ የታረሰበትን ዘላን ሄዶ ይጠይቅ የሚል ግዴታ የለበትም። መምህራን ይህን በቀላሉ ይረዱታል፤ የትምህርት ቤቱ መዝገብ በሥርዓት መያዙን ያረጋገጠ ተቆጣጣሪ ተማሪው ማንበብ መቻሉን ገና አላረጋገጠም።

ከዚህ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው እዚያው ገዳሪፍ ውስጥ የተገኘ አንድ የውል አንቀጽ ነው። ድሮ ገበሬው ለአረምና ለአጨዳ ገንዘብ ሲያጥረው ነጋዴው በ«ሼል» ያበድረው ነበር፤ ማለትም ሰብሉ ሳይደርስ በርካሽ ይገዛዋል፤ በእኛ አገር ከምናውቀው አራጣ ብዙም የማይርቅ ነገር ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሱዳን ባንኮች በእስልምና ሕግ የተፈቀደውን «ሰለም» የተባለ ውል በስፋት ሥራ ላይ አዋሉ። ባንኩ የማሽላውን ዋጋ አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ ይከፍላል፤ ገበሬው ከአጨዳ በኋላ እህሉን ያስረክባል። ችግሩ ወዲያው ታየ። በአጨዳ ጊዜ ዋጋው ከውሉ በጣም ሲንር ገበሬው ተዘረፍሁ ይላል፤ ሲወርድ ባንኩ ይከስራል። በዚህ ምክንያት በውሉ ላይ የ«ኢሕሳን» አንቀጽ ተጨመረ፤ ዋጋው ከተስማሙበት ከአንድ ሦስተኛ በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ የተጎዳው ወገን እንዲካስ የሚያደርግ ነው።

ውሉ ፍጹም ነበር ማለቴ አይደለም። ዝናብ ሲጠፋና እህሉ ጨርሶ ሳይገኝ ሲቀር ገበሬው ከእዳው አልዳነም፤ የሱዳን ሕግ ባለዕዳን እስኪከፍል ድረስ እስከ ማሰር ይደርስ ነበርና። የአንቀጹም ትርጉም ብዙ አከራክሯል። ቢሆንም አንድ ነገር አለው። ኪሳራ ይመጣል ብሎ አስቀድሞ ያስባል፤ ከምን ያህል ጀምሮ የማን እንደሚሆን በቁጥር ይጽፋል። «በጎ አስቤያለሁ» የሚል ቃል የለበትም፤ አንድ ሦስተኛ የሚል ቁጥር አለበት። ከላይ የጠቀስናቸው የትሪሊዮን ዶላር ባለቤቶች ስለ ዓላማቸው ብዙ ገጽ ይጽፋሉ፤ በክፉ ዓመት የአራሙ የቀን ሒሳብ ከስንት በታች እንዳይወርድ ዋስ እንሆናለን የሚል አንቀጽ ግን ከእነርሱ መመሪያ ውስጥ አይገኝም።

ክፉው ዓመት ደግሞ መጣ። በኤፕሪል 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ፤ ባንኮች ተዘረፉ፣ የነዳጅና የዘር ዋጋ ናረ፤ ሸሽቶ የመጣው ሕዝብ ገዳሪፍን ሞላት። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ባደረገው ግምገማ የዚያ ዓመት የሱዳን እህል ምርት ወደ 4.1 ሚሊዮን ቶን ወረደ፤ ከቀዳሚው ዓመት በ46 በመቶ ያነሰ ነው። ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ ጸጥታ ይፈልጋልና በዚህ ጊዜ የሚጠበቅ አልነበረም። መረሬው ላይ የቀሩት ያው መሄጃ የሌላቸው ናቸው፤ በ2020 መጨረሻ ከአገራችን ተሰድደው በኡም ራኩባና በቱናይድባ የሰፈሩት ወገኖቻችንም ከእነርሱ መካከል ነበሩ። የዚያ ዓመት ሰሊጥ ከታጨደ፣ ያጨደው የእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። ስንት ተከፈላቸው፣ ስንቱስ ታመመ የሚለውን የሚመዘግብ ዓምድ ግን በየትኛውም የባለሀብት ሪፖርት ላይ እስካሁን አልተሰመረም።